እምነት እስከ ጓዳ ድረስ

በአምቦ ከተማ ሥጋ ቤቶች በራፍ ላይ ከዋጋው ቀድሞ ዓይን የሚገባው ምልክት ነው። መስቀል የተሳለበት ቤት አለ፤ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበትም አለ። ምልክቱ ስለ ሥጋው ስባት አይናገርም፤ በሬው ሲታረድ የማን ስም እንደተጠራበት ይናገራል። ክርስቲያኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የታረደውን ይበላል፤ ሙስሊሙ በአላህ ስም የታረደውን። ሁለቱም ቢላዋው ሲያርፍ በቦታው አልነበሩም። ሁለቱም ግን ያ ያላዩት ቅጽበት ሥጋውን እንደሚወስን ያምናሉ፤ ብዙዎቹም ረሃብ ቢጠናባቸው እንኳ የሌላውን ደጅ አይረግጡም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ብልት ሥጋ ላይ የተጠራውን ስም የሚለይ ላቦራቶሪ የለም፤ ምላስም አይለየውም። ሰው ግን ከዓይኑ የተሰወረውን ድርጊት ለሚበላው ነገር ዋና መመዘኛ አድርጎ ይዞታል። በዚያው ሥጋ ቤት ውስጥ ሌሎች የተሰወሩ ድርጊቶችም አሉ። መክተፊያው በምን ተጠረገ? ጥሬውን የቆረጠው ቢላዋ ሳይታጠብ ወደ ዳቦው ዞረ ወይ? ቆራጩ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ውሃና ሳሙና አገኘ ወይ? ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ድርጊት የሃይማኖት፣ ሁለተኛው የጤና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ተብሎ ተከፍሏል። ክፍፍሉ ትክክል ነውን? አብሳዩ በጓዳ የሚያደርገው ነገር ከተቆጣጣሪው በፊት በፈጣሪው ፊት የሚጠየቅበት አይደለምን?

ጥያቄው በየትም ከተማ ይነሣል፤ በምዕራብ ሸዋ ግን ይከብዳል። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በነቀምት መንገድ ላይ ትገኛለች። ሆለታ፣ አዲስ ዓለምና ጊንጪ ከርሷ በፊት፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ ከርሷ በኋላ በዚያው አስፋልት ዳርና ዳር ተሰልፈዋል። የመንገደኛ ከተሞች ናቸው። አውቶቡስ ቆሞ ረዳቱ የምሳ እረፍት ሲያውጅ ስድሳ ያህል ሰው ባንዴ ይወርዳል፤ ሁሉም በግማሽ ሰዓት ውስጥ በልቶ፣ ከፍሎ፣ ወደ ወንበሩ መመለስ አለበት። አምቦ ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ይጨመራል፤ እርጥቡን፣ ሳንቡሳውን፣ ችብሱን፣ ጁሱን ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ይገዛል። በውጭ አገር በትልልቅ ኩባንያዎች ስም የሚታወቀው ፈጣን ምግብ እዚህ መልኩ ይህ ነው፦ ቀድሞ የተሠራ ወጥ፣ ቶሎ የሚጠበስ ሥጋ፣ የሚቸኩል በላተኛ።

በዚህ ዓይነት ገበያ ሻጭና በላተኛ ዳግመኛ ላይተያዩ ይችላሉ። ጊንጪ ላይ የተበላ ምግብ ሆድ የሚቆርጠው ማታ ነቀምት ሲገባ ነው፤ አንዳንዱ በሽታ ደግሞ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይነሣል። ታማሚው የቱ ቤት እንደጎዳው አያውቅም፤ ባለቤቱም የጎዳው ሰው እንዳለ አይሰማም። ጥፋቱ ያለ ምስክር ያልፋል፤ በዳዩ ራሱ እንኳ መበደሉን ሳያውቅ ሃምሳ ዓመት ሊነግድ ይችላል። እንዲህ ያለውን በደል ሕግ ብቻውን አይደርስበትም።

የአገሩ ማዕድ ይህን ችግር በጥንቱ መንገድ ፈትቶት ነበር። በግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ለተጋባዡ ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣ ነበር፤ መጠጡ ክፉ ነገር ካለበት ቀድሞ የሚሞተው ቀጂው ነው። በየቤቱም ወጥ የሠራችው እናት ከልጆቿ ጋር ካንድ መሶብ ትቆርሳለች። ታናሽ ለታላቅ የእጅ ውሃ ያፈስሳል፤ ሳይታጠብ ወደ ገበታ የሚቀርብ የለም፤ ጉርሻም ያለዚህ ውሃ አይታሰብም። ሠሪ ከበላተኛው ጋር ስለሚበላ ዋስትናው ራሱ ገላው ነበር። ምግብ ቤት ይህን ዋስትና አፍርሶታል። ወጥ ሠሪዋ በጓዳ፣ እንግዳው በአዳራሽ፣ በመካከላቸው አንድ መስኮትና አንድ አስተናጋጅ። ቀማሹ ሲጠፋ በቦታው ምን ተተካ?

በብዙ ቤት የተተካው ባርኮት ብቻ ነው። እንጀራው ሲቆረስ ሽማግሌው ይመርቃል፤ ኦርቶዶክሱ ያማትባል፤ ፕሮቴስታንቱ ዓይኑን ጨፍኖ ያመሰግናል፤ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ይላል። መልካም ነው፤ ያለ ምስጋና የሚበላ ሰው ምግቡ ከማን እጅ እንደመጣ ዘንግቷል። ችግሩ የሚመጣው ባርኮቱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲታዘዝ ነው። «ፈጣሪ ይባርከው እንጂ ምን ይሆናል» የሚለው ቃል በበላተኛው አፍ ሲነገር እምነት ሊሆን ይችላል። ያው ቃል ድስቱን ሌሊቱን ሙሉ ክዳን ሳይጭንበት ባሳደረው ባለ ምግብ ቤት አፍ ሲነገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ሆድ ፈጣሪን መፈታተን ነው።

ድስቱ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ምቹ ሁኔታ ያገኘ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ሊከፈል ይችላል፤ በዚህ ፍጥነት አንዱ በሰባት ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ማታ የተረፈው ወጥ ጠዋት ለፍርፍር ሲሞቅ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹ ሌሊት ያመነጩት መርዝ ግን በማሞቅ አይጠፋም። ከአፍንጫና ከቆሰለ ጣት ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ ከነዚህ አንዱ ነው። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ አብሳይ እንኳ በአፍንጫዋ ልታውቀው አትችልም፤ የሚያድናት ሥርዓት ብቻ ነው፦ እጅን መታጠብ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ እስከ ውስጡ ማብሰል፣ ትኩሱን በትኩስነቱ ቀዝቃዛውን በቅዝቃዜው መጠበቅ፣ በንጹሕ ውሃ መጠቀም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት የሚያስተምራቸው አምስቱ ቁልፎች እነዚሁ ናቸው።

ተፈጥሮ በዚህ ረገድ ከባድ ሸክም አልጫነችብንም። ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አምቦ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ምግብን አስተማማኝ ለማድረግ የሚያስፈልገው ግን ውስጡ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ነው። የከሰል ምድጃና ትዕግሥት ይበቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420,000 ሰው ይሞታል። ከሟቾቹ 125,000 ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከሕዝብ ቁጥሯ አንጻር ሸክሙ የሚከብደው በአፍሪካ ላይ ነው። ሀብት ብቻውንም መከላከያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ጃክ ኢን ዘ ቦክስ የተባለው ፈጣን ምግብ ቤት በደንብ ያልበሰለ ሃምበርገር ሸጦ ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ።  በደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ፖሎኒ በሚባለው የተዘጋጀ ሥጋ የተዛመተ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንምጣ፤ ብዙ አማኝ ለቸልተኝነቱ ማስረጃ የሚጠቅሰው አንድ ክፍል አለና። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያን የክርስቶስን ደቀ መዛሙርት ሳይታጠቡ በሉ ብለው ይከሷቸዋል። ክርስቶስም ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባበት ሳይሆን ከልቡ የሚወጣው እንደሆነ ይመልሳል። ይህን ይዞ «እጅ መታጠብ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ክፍሉን እስከ መጨረሻው አላነበበም። ክርክሩ ስለ በላተኛው መንፈሳዊ ርኩሰት ነበር፤ ለሌላ ሰው የሚያበስል ሰው ስላለበት ግዴታ አልነበረም። ደግሞም ከልብ ይወጣሉ ተብለው ከተዘረዘሩት ክፉ ነገሮች መካከል ስስትና ተንኮል አሉ። የበሰበሰውን ቲማቲም በበርበሬ ደብቆ ለመንገደኛ የሚያቀርብ እጅ ከየት መጣ? ከዚያው ከልብ። ጥቅሱ ቸልተኛውን ነጋዴ ነጻ አያወጣውም፤ ይልቁንም የበሽታውን ምንጭ ከሳህኑ አልፎ በባለቤቱ ውስጥ ያሳየዋል።

በብሉይ ኪዳን ደግሞ ስለ ምግብ ቤት የተጻፈ የሚመስል፣ ነገር ግን ስለ ቤት አሠራር የሚናገር ትእዛዝ አለ። ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም። ማንም እንዲወድቅ አልተመኘም። ምናልባት ጠዋት ማታ የሚጸልይ ደግ ሰው ነው። ሆኖም መከታውን ካልሠራ ደሙ ይፈለግበታል። ዘጸአትም እንዲሁ ነው፤ በሬው ወጊ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀው ሰው በሬው ለሚገድለው ነፍስ ይጠየቃል። በዚህ ሚዛን ኃጢአት የሚጀምረው ጉዳት ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ ሊደርስ እንደሚችል እየታወቀ መከታው ሳይሠራ በሚቀርበት ቀን ነው።

ከዚህ ሕግ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከሃይማኖት ራሱን ያራቀ አንድ እንግሊዛዊ ወደዚያው መድረሱ ያስገርማል። የሒሳብ ሊቁ ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ድርሰት ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ያትታል። መርከቢቱ አርጅታለች፤ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ባለቤቱ ጠርጥሯል። ጥገናው ግን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ከዚህ ቀደም ስንት ማዕበል እንዳለፈች ያስታውሳል፤ ስንት ቤተሰብ የጫነችውን መርከብ ፈጣሪ አይጥላትም ብሎ ልቡን ያሳምናል፤ በቅን ልብም ይሸኛታል። መርከቢቱ በባሕር መካከል ትሰጥማለች። ክሊፎርድ ሰውየው ለተሳፋሪዎቹ ሞት በደለኛ ነው ይላል፤ እምነቱ እውነተኛ ቢሆንም ሳይመረምር ያን የማመን መብት አልነበረውምና። መርከቢቱ በደኅና ብትገባ ኖሮስ? በደሉ ሳይታወቅ ይቀር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም ነበር ይላል።

በምዕራብ ሸዋ መንገድ ላይ «ስንት ዓመት ስንሸጥ ማን ሞተ?» የሚለው መልስ የመርከቡ ባለቤት መልስ ነው። ነቀምት ደርሶ የታመመው ሰው ተመልሶ አልመጣምና «ማንም አልሞተም» ማለት ምንም አያረጋግጥም። አማኙ ሙሴና እምነት የለሹ ፈላስፋ በአንድ ነገር መስማማታቸውም ጉዳዩ የአንድ ሃይማኖት ወገን ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

እስልምናም ገበያውን ለነጋዴው ሕሊና ብቻ አልተወውም። ቁርአን ምእመኑ የተፈቀደውን ብቻ ሳይሆን መልካምና ንጹሕ የሆነውን እንዲበላ ያዛል፤ ስለዚህ በትክክለኛው ስም የታረደ ሥጋ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከላዩ ደረቅ የሆነው ከሥሩ ረጥቦ እንዳገኙት፣ ባለ እህሉንም እንደገሠጹት በሐዲስ ይነገራል። በኋላም በሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ ይሾም ነበር፤ ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን የአብሳዮችን ድስትና ክዳን ጭምር ይመረምር ነበር። ክምሩ ላይ እጅን አስገብቶ ማየት እዚያ የእምነት ጉድለት አልነበረም፤ የእምነት ሥራ ነበር።

የኦሮሞ ባህል ደግሞ ሰፉ በሚለው ሥርዓት ሰው ከሰው፣ ከከብት፣ ከውሃና ከምድር ጋር ያለውን አግባብ ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ፍጥረት የሚገባው ክብር አለ፤ ያን ክብር የጣሰ ሰው ባይታይም ሥርዓት አፍርሷል። እንግዳን በቆሸሸ ዕቃ ማብላት በዚህ ዓይን የንግድ ጉድለት ብቻ ተደርጎ አይታለፍም።

ሰው፣ ከብትና ምድር በእርግጥ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ጥሬ ሥጋ ነው። ቁርጥና ክትፎ በዚህ አገር የደስታ፣ የሠርግና የዕርቅ ምግብ ነው፤ አምቦ ላይ ደግሞ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የማዕድን ውሃ ከጎኑ ይቀመጣል። የኮሶ ትልን ግን አምቦ ውሃ አይገድለውም፤ ሚጥሚጣና አረቄም አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው፤ ወይም ለቀናት በቂ በሆነ ቅዝቃዜ መቆየት። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ በሜትር የሚለካ ርዝመት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሜዳ ላይ የወደቀውን እንቁላል ከብቱ ከሣር ጋር ይግጠዋል፤ በጡንቻው ውስጥ ትንንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ያን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሰው እንደገና ትሉን ያሳድጋል። ይህ ትል ጎልምሶ የሚኖርበት ሌላ ፍጥረት የለም፤ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሬው ሰውን አልበከለም፤ ሰው በበሬው በኩል ሰውን በከለ።

አባቶችና እናቶች ይህን በሽታ ከኮሶ ዛፍ አበባ በሚዘጋጀው መራራ መድኃኒት በየጊዜው ያሽሩት ነበር፤ መድኃኒቱም ለበሽታው ስሙን አውርሶታል። ዛሬ በአንድ ቀን የሚወሰድ ኪኒን አለ። ዑደቱ ግን ሰው ሜዳ ላይ እስከተጸዳዳ ድረስ አይቆምም። በዘዳግም ምዕራፍ 23 የእስራኤል ሠራዊት ከሰፈር ውጭ ወጥቶ ጉድጓድ እንዲቆፍርና የወጣውን በአፈር እንዲከድን ይታዘዛል፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ይመላለሳልና። መጸዳጃ ቤት በዚህ ክፍል የአምልኮ ጉዳይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ 16 ጥቅሎቹ መካከል መጸዳጃ ቤትንና የምግብ ንጽሕናን አንድ ላይ ማስገባቱም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የጓሮው ጉድጓድና የአዳራሹ ክትፎ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው።

ቄራም ሙሉ መከላከያ አይደለም። መርማሪው ልብን፣ ምላስን፣ የመንጋጋና የትከሻ ጡንቻን እየሰነጠቀ ያያል፤ ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበትን ከብት ግን ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፈዋል። በዓል ሲደርስ በየግቢው የሚታረደውን ደግሞ ማንም አያየውም። በአምቦ ማዘጋጃ ቤት ቄራ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በከብቶች ሳንባና ጉበት ውስጥ ስለሚገኘው ሌላ ጥገኛ ከረጢት ያትታል፤ ሃይዳቲድ ይባላል። ይህኛው የሚዞረው በውሻ በኩል ነው። የተጣለውን ሳንባ የበላ ውሻ እንቁላሉን በየደጁ ይጥላል፤ ካልታጠበ እጅና ካልታጠበ ሰላጣ ጋር ወደ ሰው ሆድ ይገባል። ባለ ሥጋ ቤቱ ለውሻ የሚወረውራት ቁራሽ በጎረቤቱ ልጅ ጉበት ውስጥ ልትገኝ ትችላለች። ጥሬ መብላትን መተው ለብዙዎች ከባድ ይሆናል፤ ቢያንስ ግን የሚሸጠው ሰው የቄራ ማኅተም የሌለውን ሥጋ በጥሬ አለማቅረብና የተበላሸውን ብልት መቅበር ይችላል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ባለቤቱን ይከሳል። ከጓዳው ውስጥ ቆሞ ለሚያይ ግን ክሱ ቶሎ አይዘጋም። እጅ የምትታጠበው ማን ናት? በአብዛኛው ከገጠር የመጣች፣ ከንጋት እስከ ሌሊት የምትቆም፣ በወር ትንሽ ደመወዝ የምታገኝ ልጅ ናት። ቧንቧው በሚቋረጥባቸው ቀናት ያላት አንድ ጀሪካን ነው፤ በዚያ ታበስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ለእንግዳ የእጅ ውሃ ታቀርባለች። ሦስተኛው ሳፋ ሲጠቁር ውሃ የምትደፋበት እንጂ የምትቀዳበት ላይኖራት ይችላል። «ንጹሕ ሁኚ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ውሃ ሳይሰጡ ንጽሕናን ማዘዝ ግን ራሱ በደል ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል መጀመሪያ ያስመጣው ውሃ ነበር፤ እንጀራውና ጥጃው ከዚያ በኋላ መጡ። ሮቶ ሳይተክል፣ ሳሙናና በረኪና ሳይገዛ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚከብደው የሜሪ ማሎን ታሪክ ነው። ከአየርላንድ ወደ ኒው ዮርክ የሄደች ጎበዝ ወጥ ሠሪ ነበረች። በሠራችባቸው ቤቶች ሰዎች በታይፎይድ ሲታመሙ እርሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርሙን ሳትታመም እንደምትሸከም ተደረሰበት። በግዳጅ በአንዲት ደሴት ላይ አስቀመጧት። እ.ኤ.አ. በ1910 ዳግመኛ እንዳታበስል ቃል አስገብተው ለቀቋት። በልብስ አጣቢነት የምታገኘው ገንዘብ ከወጥ ሠሪነቱ እጅግ ያነሰ ስለነበር ስሟን ለውጣ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንድ የእናቶች ሆስፒታል 25 ሰዎች ታመው ሁለቱ ሲሞቱ ተያዘች። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1938 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ በደሴቷ ላይ ተገልላ ኖረች።

መጀመሪያ ሳታውቅ ያደረገችው ነገር ኃጢአት አይባልም። ከተነገራት በኋላ መመለሷ በዘጸአቱ ሚዛን ያስጠይቃታል። ግን ወጥ መሥራት ትታ በምን እንድትኖር አሰቧት? ከተማው ሕዝቡን ከርሷ ሲጠብቅ የእንጀራዋን ዋጋ ለርሷ ብቻ ተወላት። ጥያቄው ዛሬ በአምቦና በጊንጪ ጓዳዎች ሕያው ነው። ተቅማጥ የያዛት ወጥ ሠሪ ለባለቤቱ ብትናገር የዕለት ገቢዋን ታጣለች፤ ምናልባትም ሥራዋን። ዝም ካለች ስድሳ መንገደኛ ትመግባለች። በዝምታዋ ያተረፈው ባለቤት እውነቱን እንዳትናገር አስቀድሞ ዋጋ ከፍሏታል።

በአገሪቱ ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አለ፤ በምግብ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች በየጊዜው የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ የሚጠይቅ አሠራርም አለ። በአዲስ አበባ ጀሶ ከእንጀራ ጋር ሲቀላቅሉ ተያዙ የተባሉ ሰዎች ዜና በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ ቁጣውም ትክክል ነው። ለቆሸሸው ቢላዋ ግን የዚያን ሩብ አንቆጣም። አንዱ ሆን ብሎ ያታልላል፣ ሌላው ቸል ይላል፤ ሆዱን ለሚታመመው ሕፃን ግን ልዩነቱ ትርጉም የለውም። ፍርሃትም ብዙ አያስኬድም። በ2008 ዓ.ም. አተት ሲነሣ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየምግብ ቤቱ በር ባለ ቧንቧ በርሜልና ሳሙና ተቀምጦ ነበር። ፍርሃቱ ሲያልፍ ብዙው በርሜል ተነሣ። የወረርሽኝ ፍርሃት ሰውን ለራሱ ሲል ያስታጥበዋል፤ የሚፈለገው ግን ለማያውቀው እንግዳ ሲል የሚታጠብ ሰው ነው፤ ያን የማስተማር ሥልጣንና ልምድ ያላቸው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ናቸው።

የንስሐ አባት ነጋዴ የንስሐ ልጁን ስለ ጾሙ ይጠይቃል፤ ስለ ሚዛኑም ይጠይቃል። ስለ ድስቱስ? አንድ ባለ ምግብ ቤት ዓርብን ሳይጾም ቢውል ያዝናል፤ ያደረ ወጥ ለማያውቀው መንገደኛ ሲያቀርብ ግን ለካህን የሚነገር ነገር ያደረገ አይመስለውም። ኢማሙም በጁምዓ ኹጥባው ስለ ረጠበው እህል ሲያነሣ የምእመኑን የሳንቡሳ ዘይት ስንተኛ ቀን እንደተጠበሰበት አብሮ ሊጠይቅ ይችላል። በበሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሳለ ሰው ላልታየ ነገር ታማኝ እንደሚሆን አስቀድሞ በአደባባይ ቃል ገብቷል፤ ያን ቃል እስከ መክተፊያውና እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ እንዲዘልቅ መጠየቅ አዲስ ሃይማኖት መጫን አይደለም።

በላተኛውም ከጥያቄው አይወጣም። ይሉኝታ ይዞት ጓዳውን ለማየት የማይጠይቅ፣ የቆሸሸ ብርጭቆ ሲመጣለት በሶፍት ጠርጎ የሚጠጣ እንግዳ ከርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ያንኑ ብርጭቆ ትቶለት ይሄዳል። ስለ ዋጋውም እንዲሁ ነው። የአንድ ሽሮ ዋጋ ሲወጣ የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የከሰሉና የቤቱ ኪራይ ሒሳብ ይገባል፤ የሳሙናው፣ የሮቶው ውሃና የታመመችው ወጥ ሠሪ እስክትድን የምታገኘው ደመወዝ ግን በብዙ ቤት ገና አልገባም። እነዚህን ሦስቱን የሚያስገባ ባለቤት በየሳህኑ ጥቂት ብር ሊጨምር ይገደዳል። ጊንጪ ላይ ከአውቶቡስ የሚወርደው መንገደኛ ያን ጭማሪ ሲያይ ወደ ጎረቤቱ ርካሽ ቤት እንዳይሄድ ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል፤ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ፣ ከምልክቱ ሥር፣ ዘይትና ሥጋ በተጻፈበት በዚያው ቀለም።